መቀየጥና መበረዝ፤ ስለ ጃፓን የሩዝ መጠጥ

ብርዝ መልካም መጠጥ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ማር በውሃ ተበጥብጦ ለልጅም ለሽማግሌም ይቀርባል፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን ያንኑ ብርዝ «ጠጅ ነው» ብሎ በጠጅ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ቢገኝ ሁሉም ያወግዘዋል። እንግዲህ ጥፋቱ የት ላይ ነው? በማሩ ላይ አይደለም፤ በውሃውም ላይ አይደለም፤ ጥፋቱ በስሙ ላይ ነው። አንዱን ነገር ከሌላው ጋር መጨመር በራሱ ነውር ሳይሆን፣ የተጨመረውን ሸሽጎ ያልሆነውን ስም መስጠት ነውር ነው። ይህ ነገር በቃል ሲነገር ቀላል ቢመስልም፣ በሥራ ላይ ሲውል ግን አንድን የቈየ ጥበብ ለማጥፋትም ሆነ ለማዳን የሚበቃ ኃይል እንዳለው፣ በጃፓን አገር በሩዝ መጠጥ ላይ ከደረሰው ታሪክ ለመረዳት ይቻላል።

ዛሬ በቶኪዮም ሆነ በኒውዮርክ፣ በለንደንም ሆነ በፓሪስ፣ መጠጥ ቀያጮች «ሳኬ» የተባለውን የጃፓን የሩዝ መጠጥ ከሎሚ፣ ከዝንጅብል፣ ከኪያር፣ ከጂንና ከሌላም መጠጥ ጋር እያዋደዱ «ኮክቴል» በሚባል ስም ያቀርቡታል። ይህን ልማድ የሚያመሰግኑ አሉ፤ «ክረምቱን ሙሉ የተደከመበትን መጠጥ በሎሚ መሸፈን ምን ይባላል?» እያሉ የሚያዝኑም አሉ። ነገሩ የመጠጥ ቤት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ባልተጻፈ ነበር። ነገር ግን በውስጡ የሕግ፣ የግብር፣ የሃይማኖት ሥርዓትና የእጅ ጥበብ ጉዳይ አብሮ ስላለበት ሊመረመር የሚገባው ነው።

የጃፓን አገር ነገር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. ወደዚያ አገር በመልእክት ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ማሳተማቸው የታወቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

በመጀመሪያ ሳኬ ምን እንደ ሆነ እንናገር። በጃፓንኛ «ሳኬ» ማለት በጠቅላላው የሚያሰክር መጠጥ ሁሉ ማለት ነው፤ የሩዙን መጠጥ ለይተው ሲጠሩት «ኒሆንሹ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «የጃፓን መጠጥ» ነው። የውጭ አገር ሰዎች የሩዝ ወይን ይሉታል፤ አሠራሩ ግን ከወይን ይልቅ ወደ ጠላ ይቀርባል። የወይን ፍሬ ስኳሩን በራሱ የያዘ ስለ ሆነ እርሾ እንዳገኘ ይፈላል። እህል ግን ስኳር ስለሌለው አስቀድሞ ዱቄታዊው ክፍሉ ወደ ስኳር መለወጥ አለበት። በአገራችን ጠላ ሲጠመቅ ይህን ሥራ የሚሠራው ብቅል ነው። በጃፓን የሚሠራው ደግሞ «ኮጂ» የተባለ ጠቃሚ ሻጋታ ነው፤ ይህንም ሻጋታ በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ ዘርተው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ያህል እየተጠባበቁ ያበቅሉታል።

የሳኬ ጥበብ ከሌሎች የሚለይበት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የእህሉ ወደ ስኳር መለወጥና የስኳሩ ወደ አልኮል መለወጥ በአንድ ጋን ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ጐን ለጐን ይፈጸማሉ። ስኳሩ ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ እርሾው ሳይጨነቅ ሥራውን ይቀጥላል፤ ስለዚህም ሳይነጠር፣ በመፍላት ብቻ፣ የመጠጡ ኃይል ከመቶ 20 እጅ ያህል ይደርሳል። ጥንስሱ ከተዘጋጀ በኋላ ሩዙ፣ ኮጂውና ውሃው በአንድ ጊዜ አይጨመሩም፤ በአራት ቀን ውስጥ በሦስት ዙር ይጨመራሉ። ከዚያም ድፍድፉ በቀዝቃዛ ስፍራ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቈያል፤ ይጨመቃል፤ ከአተላው ይለያል፤ ይጠላል። አብዛኛውም እንዳይበላሽ በ60 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና ለጥቂት ወራት ተቀምጦ ይበስላል።

ከዚህ ጥበብ ብዙው ክፍል በናራ አጠገብ በነበሩ የቡድሃ ገዳማት ውስጥ በመነኮሳት እጅ የተቃና መሆኑ ይታወቃል። መጠጡን አሙቆ ከመበላሸት የመጠበቁም ዘዴ በ16ኛው መቶ ዓመት በአንድ ገዳም የዕለት መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህም ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስተር የዘዴውን ምክንያት መርምሮ ለዓለም ከማስታወቁ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የቀደመ ነው። መነኮሳቱ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ያዩትን በጥንቃቄ ይጽፉ ነበርና ጥበቡ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሳይጠፋ ተላለፈ።

የሩዙ አፈታተግ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። በሩዝ ፍሬ ውጫዊ ክፍል ውስጥ ያለው ቅባትና ፕሮቲን ለመጠጡ ሻካራ ጣዕም ስለሚሰጠው ተፈትጎ ይወገዳል። «ጊንጆ» ለተባለው ማዕርግ ከፍሬው ክብደት የሚቀረው ከመቶ 60 እጅ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ «ዳይጊንጆ» ለተባለው ለበላዩ ማዕርግ ደግሞ ከ50 እጅ አይበልጥም። እንግዲህ ከሩዙ እኩሌታው ዱቄት ሆኖ ከመጠጡ ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ለዚህ የሚመረጠውና ከሁሉ ይልቅ ስመ ጥር የሆነው ሩዝ «ያማዳ ኒሺኪ» ይባላል፤ በሂዮጎ አውራጃ ተዳቅሎ ስሙን ያገኘው በ1936 ዓ.ም. ነው።

ውሃውም እንዲሁ ነው። በ1840 ዓ.ም. ያማሙራ ታዛኤሞን የተባለ ጠማቂ በሁለት ከተሞች በነበሩት መጥመቂያ ቤቶቹ መካከል የጣዕም ልዩነት ቢያይ፣ ምክንያቱን እየፈለገ መረመረና የኒሺኖሚያ ጕድጓድ ውሃ መሆኑን አገኘ። ያ ውሃ እርሾን የሚመግቡ ማዕድናት የበዙበት፣ የመጠጡን መልክና ጣዕም የሚያበላሸው ብረት ግን እጅግ ያነሰበት ነው። ከዚያ ወዲህ በናዳ አካባቢ ያሉ ጠማቂዎች ይህን ውሃ እንደ ሀብት ይጠብቁታል።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይህ ሁሉ ድካም ካለቀ በኋላ፣ ከመቶ 20 እጅ የደረሰው ሳኬ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ጠማቂው ራሱ ውሃ ይጨምርበትና ኃይሉን ወደ 15 ወይም ወደ 16 እጅ ያወርደዋል። ውሃ ያልተጨመረበት «ገንሹ» ተብሎ በሌላ ስም ይሸጣል። እንግዲህ ውሃ መጨመር የጥበቡ አንድ ክፍል እንጂ ማታለል አይደለም፤ ጠማቂውም ገዢውም ያውቁታልና።

መቀየጥም በጃፓን አገር አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ ዓመት ማለዳ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ «ቶሶ» የተባለውን መጠጥ ይቀምሳል። ይኸውም ቀረፋና ሌሎች የመድኃኒት ሥሮችና ልጦች በሳኬ ወይም «ሚሪን» በሚባል ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ውስጥ ተዘፍዝፈው የሚያድሩበት ነው፤ ከቻይና አገር በጥንት ዘመን ገብቶ በቤተ መንግሥት ከዚያም በሕዝብ ዘንድ የቈየ ልማድ ነው። በልማዱም ጽዋው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ይዞራል። ጉንፋን ለያዘው ሰው ደግሞ ሳኬ ይሞቅና እንቍላልና ስኳር ተመትቶ ይጨመርበታል። ስለዚህ «ሳኬ ከሌላ ነገር ጋር ሊገናኝ አይገባውም» የሚሉ ሰዎች ከአባቶቻቸው ልማድ ይልቅ የጠበቀ ሕግ ያወጣሉ ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ የሚያዝኑበት ምክንያት የለም አንልም። ሳኬ በጃፓን ሕዝብ ዘንድ የማዕድ መጠጥ ብቻ አይደለም። በሺንቶ መቅደስ ለአማልክቶቻቸው ይቀርባል፤ በሥርዓታቸው በሚፈጸም ሠርግ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከሦስት ጽዋ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ ዘጠኝ ጊዜ ይጐነጫሉ፤ በኪዮቶ ያለውን የማትሱኦ መቅደስ ጠማቂዎች እንደ ጠባቂያቸው ያከብሩታል። አዲሱ ሳኬ በተጠመቀ ጊዜ በመጥመቂያው ቤት ደጃፍ ከለምለም የጥድ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ኳስ ይሰቀላል፤ ወራቱ እያለፈ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲቀላ፣ መጠጡ መብሰሉን አላፊ አግዳሚው ያውቃል። እንዲህ ያለ ክብር የተሰጠውን ነገር እንደ ማንኛውም ማጣፈጫ ሲያዩት ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም።

ከዚህ ሌላ መንግሥትም በሳኬ ላይ የራሱ ዐይን ነበረው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመጠጥ የሚሰበሰበው ግብር ከመሬት ግብር በልጦ ከመንግሥቱ የግብር ምንጮች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ስለዚህም በ1899 ዓ.ም. ገበሬው ለቤቱ የሚጠምቀው ሁሉ ተከለከለ። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የጥመቃ መመርመሪያ ተቋም አቋቋመ፤ ምክንያቱም አንድ ጋን ሳኬ በተበላሸ ቍጥር ጠማቂው ብቻ ሳይሆን ግምጃ ቤቱም ይከስር ነበር። ግብር ሰብሳቢው የእጅ ጥበብ አስተማሪ ሆነ፤ ከዚያ ተቋም የወጣው ትምህርትም የመጠጡን ጥራት ከፍ አደረገው።

የመጠጥ ግብሩ ሕግ ስለ መቀየጥ የሚለውን ማወቅ ለሕግ ሰዎች የሚያስደንቅ ነው። በሕጉ መሠረት የሚያሰክር መጠጥን ከሌላ ነገር ጋር መጨመር አዲስ መጠጥ እንደ መሥራት ይቈጠራል፤ ስለዚህም ፈቃድ ይጠይቃል። ሊጠጣ ሲል ወዲያው በብርጭቆ ውስጥ የሚቀየጥ ግን ከዚህ ነጻ ነው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሰው በቤቱ ለራሱ ፍሬ በመጠጥ ውስጥ ዘፍዝፎ እንዲያኖር ተፈቀደለት፤ ነገር ግን መጠጡ ከመቶ 20 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ያለው መሆን አለበት። ኃይሉ ያነሰ እንደ ሆነ የፍሬው ስኳር እንደ ገና ሊፈላና ግብር ያልተከፈለበት አዲስ አልኮል ሊወጣው ይችላልና። ስለዚህ ከመቶ 15 እጅ በሆነ በተራው ሳኬ ውስጥ በቤቱ ፍሬ የሚዘፈዝፍ ጃፓናዊ፣ ሳያውቀው ሕግ ይተላለፋል፤ ያንኑ ሳኬ በዚያው ሰዓት ከፍሬ ጭማቂ ጋር ቀይጦ ቢጠጣው ግን የሚከለክለው የለም።

አሁን ወደ ታሪኩ አሳዛኝ ክፍል ደርሰናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሩዝ ለሠራዊትና ለምግብ ስለ ተፈለገ የሳኬ ጥመቃ ተቀነሰ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ነጋዴዎች ውሃ እያበዙ ይሸጡ ነበርና ሕዝቡ በቀልድ «የወርቅ ዓሣ ሳኬ» ብሎ ጠራው፤ ዓሣ በውስጡ ቢጨመር ይዋኛል ማለቱ ነው። መንግሥትም በ1943 ዓ.ም. የማዕርግ ደረጃ አወጣለት። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ የሩዙ ችግር ስላልተቃለለ፣ በድፍድፉ ላይ የተነጠረ አልኮል፣ ስኳር፣ አሲድና ጣዕም ሰጪ ነገር እየጨመሩ ከአንድ እጅ ሩዝ ሦስት እጅ መጠጥ የሚያወጡበት ዘዴ ተፈቀደ። ስሙም ከዚሁ የተነሣ «ሦስት እጥፍ የተጠመቀ» ተባለ።

በችግር ጊዜ የተደረገውን መውቀስ አይገባም፤ የተራበ ሕዝብ ሩዙን ከመጠጣት መብላቱ ይሻለዋል። ጥፋቱ ችግሩ ካለፈ በኋላ ዘዴው መቅረቱ ነው። ሩዝ ተትረፍርፎ ባለበት ዘመን እንኳ ያ የተበረዘ መጠጥ፣ ትርፉ ብዙ ስለ ነበረ፣ ለብዙ ዓመታት በሳኬ ስም መሸጡን ቀጠለ። አንድ ትውልድ ሙሉ የሳኬን ስም ከዚያ ከሚያጣብቅ ጣፋጭና ራስ ከሚያሳምም መጠጥ ጋር አያይዞ አደገ። ሕጉ ተሻሽሎ ያ ዓይነት መጠጥ «ሳኬ» በሚለው ሕጋዊ ስም እንዳይጠራ የተደረገው በ2006 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ግን ብዙ ጠጪዎች ወደ ቢራ፣ ወደ ወይንና ወደ ውስኪ ሄደው ነበር።

የደረሰውን ጕዳት ቍጥሩ ይናገራል። በ1973 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ የተጠጣው ሳኬ ከ1.7 ሚሊዮን ኪሎ ሊትር በላይ ነበር፤ በአሁኑ ዘመን የሚጠጣው የዚያ አንድ አራተኛ ያህል ነው። ለመቀነሱ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የኑሮው ልማድ ተለውጧል፣ ወጣቱም የሚጠጣው ያነሰ ሆኗል። ነገር ግን ስሙ የረከሰ ዕቃ ገበያ ሲጠብበት የሚያዝንለት ጥቂት ነው። ለብዙ ትውልድ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርዱ ከነበሩት መጥመቂያ ቤቶች ብዙዎቹ ተዘግተዋል። «ቶጂ» የሚባሉት የጥመቃ አለቆች በበጋ የሚያርሱ፣ በክረምት ከመንደራቸው ወጥተው የሚጠምቁ ገበሬዎች ነበሩ፤ የእነርሱም ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት ተመናምኗል። መጥመቂያ ቤቱ ሲዘጋ የሚጠፋው መጠጡ ብቻ አይደለም፤ ሩዙን የሚያበቅለው ገበሬ፣ ጋኑን የሚሠራው ዐናጢ፣ የኮጂውን ክፍል ሙቀት በእጁ መዳፍ የሚለይ ሰው አብሮ ይጠፋል።

በዚህ መካከል ነው ኮክቴል የመጣው። «ኮክቴል» የሚለው ቃል ምን እንደ ሆነ በጋዜጣ ተተርጕሞ የታተመው በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በሀድሰን ከተማ፣ በ1806 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ትርጓሜው ብርቱ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም በአንድነት ማለት ነበር። ይህ ልማድ ወደ ጃፓን የገባው በወደብ ከተሞች በኩል ነው። በዮኮሃማ የግራንድ ሆቴል ኀላፊ የነበረው ሉዊ ኤፒንገር በ1890ዎቹ ዓመታት «ባምቡ»፣ ማለትም «ቀርከሃ»፣ የተባለውን ቅይጥ እንዳወጣ ይነገራል። ነገር ግን ያ መጠጥ ሼሪ ከተባለው የስፔን ወይን፣ ከቬርሙትና ከመራራ ቅመም የተሠራ ነው። እንግዲህ በጃፓን ምድር ተፈጥሮ በዓለም የታወቀው ያ ቅይጥ ከስሙ በቀር የአገሩ ነገር አልነበረበትም፤ ሳኬው በውጭ ቈሞ ቀረ። ሳኬ በቀያጮች እጅ በርከት ብሎ መታየት የጀመረው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ የጃፓን ምግብ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ከተስፋፋ በኋላ ነው።

መልካም ቀያጭ የሳኬን ጠባይ አስቀድሞ ያጠናል። ሳኬ ከወይን ጋር ሲመዛዘን ኮምጣጣነቱ እጅግ ያነሰ፣ ሥጋና እንጕዳይ የሚጥሙበትን ያህል ጣዕም የሚሰጡት አሚኖ አሲዶች ግን የበዙበት ነው። ስለዚህም ጥቂት ሎሚ የጐደለውን ያሟላለታል፤ ኪያር፣ ዝንጅብልና ትንሽ ጨው ያለውን ያወጡለታል። ከመጠን ያለፈ ስኳር ግን ይገድለዋል። ኃይሉም ከጂን ወይም ከውስኪ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ በብዙ በረዶ ውስጥ ለብዙ ጊዜ የተናጠ እንደ ሆነ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ሳኬውንም ብርጭቆውንም አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ በትልልቅ በረዶ ጥቂት ጊዜ ማማሰልና ወዲያው ማቅረብ ይገባል። ጠርሙሱም ከተከፈተ በኋላ በቀዝቃዛ ስፍራ፣ ከፀሐይ ብርሃን ርቆ መቀመጥ አለበት።

የሳኬውም ዓይነት ይመረጣል። የዳይጊንጆ ሽታ እንደ ፖምና እንደ ሙዝ ሆኖ ስስ ስለ ሆነ፣ ሎሚ ሲጨመርበት ይጠፋል፤ ብዙ ዋጋ የተከፈለበትን እንዲህ ማጥፋት ብክነት ነው። እርሱ ብቻውን ይጠጣ። ለመቀየጥ የሚሻለው ከሩዝ፣ ከኮጂና ከውሃ ብቻ የተጠመቀው፣ ጣዕሙ የጠነከረ «ጁንማይ» ነው፤ ውሃ ያልተጨመረበት ገንሹ ደግሞ የበረዶውን ውሃ ስለሚችል ከሁሉ የተመቸ ነው። አተላው ሙሉ በሙሉ ያልጠለለው ነጩና ድፍርሱ «ኒጎሪ» ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር ይስማማል።

ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። አንደኛው ሦስት እጅ ሳኬና አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ በበረዶ ላይ የሚፈስበት ነው፤ «ሳሙራይ» ይሉታል። ኃይሉ በረዶው ሳይቀልጥ ከመቶ 11 እጅ ያህል ስለ ሆነ ከሳኬው ከራሱ ይቀላል። ሁለተኛው «ሳኬቲኒ» የሚባለው ነው፤ ማርቲኒ በተባለው መጠጥ ውስጥ በቬርሙት ፈንታ ሳኬ ይገባና በስስ የተቈረጠ ኪያር ይደረግበታል። አራት እጅ ጂን ከአንድ እጅ ሳኬ ጋር የሆነ እንደ ሆነ ኃይሉ ከመቶ 35 እጅ ይደርሳል፤ ሳኬውም ከስሙ በቀር አይታወቅም። ልኩ ተገልብጦ ሦስት እጅ ሳኬ ከአንድ እጅ ጂን ጋር ሲሆን ግን ኃይሉ ወደ 21 እጅ ይወርዳል፤ ሳኬውም ጌታ፣ ጂኑም አገልጋይ ሆኖ ይገኛል። ስሙ አንድ ሲሆን በልኩ ብቻ ሁለት ልዩ ልዩ መጠጥ መሆኑን አንባቢ ይመልከት።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድር ነው? የተከራካሪዎቹን ቃል በየተራ እንስማ። የጥንቱን የሚያከብሩት፣ «ጠጪው ሎሚውንና ዝንጅብሉን እንጂ ሳኬውን አይማርም፤ ነገ ሎሚው ከሌላ መጠጥ ጋር ቢቀርብለት ይረሳናል» ይላሉ። ይህ ቃል እውነት አለበት፤ አራት እጅ ጂን ከአንድ እጅ ሳኬ የቀየጠው ሰው ምስክራቸው ነው። ሌሎቹ ደግሞ፣ «ብቻውን ቢቀርብለት የማይቀምሰው ሰው በቅይጥ በኩል ይተዋወቀዋል፤ የተዋወቀውም ነገ ብቻውን ይፈልገዋል» ይላሉ። ይህም እውነት አለበት። የሳኬ ወደ ውጭ አገር መላክ በእነዚህ ዓመታት ከፍ ብሎ በ2022 ዓ.ም. ዋጋው ከ47 ቢሊዮን የን በላይ ደርሶ ነበር፤ ይህ ሁሉ የኮክቴል ሥራ ነው አይባልም፤ ነገር ግን የውጭ አገር ሰው በሳኬ ላይ ያለው ዐይን እየተከፈተ መሄዱን ያሳያል።

በእኛ አስተያየት ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር በመጀመሪያ የጠቀስነው የብርዙ ምሳሌ ነው። ሳኬን ያዋረደው ሎሚ አይደለም። ያዋረደው በጋኑ ውስጥ በስውር የተጨመረውና «ሳኬ ነው» ተብሎ የተሸጠው አልኮልና ስኳር ነው። በብርጭቆ ውስጥ፣ በጠጪው ፊት፣ ስሙ እየተጠራ የሚጨመር ሎሚ ማንንም አያታልልም፤ ያልወደደው ሰው ያለ ሎሚ ሊጠይቅ ይችላል። በጋን ውስጥ የተሰወረውን ግን ጠጪው ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ የጃፓን መንግሥት በኋለኛው ዘመን ያደረገው ነገር ትክክል ነው እንላለን፤ ቀያጩን ትቶ ስሙን ጠበቀ። በ2006 ዓ.ም. የተበረዘውን ከስሙ አስወጣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ «ኒሆንሹ» የሚለው ስም በጃፓን አገር ከጃፓን ሩዝ ለተጠመቀው ብቻ እንዲሰጥ ደነገገ። በታኅሣሥ ወር 2024 ዓ.ም. በኮጂ የመጥመቅ ባሕላዊ ጥበብ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። በመዝገቡ የተጻፈው መጠጡ ሳይሆን ጥበቡ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ጋን አይሞላም። ጥበቡ የሚኖረው የሚጠምቅና የሚገዛ ሰው ሲኖር ነው። የሳኬን ስም የሚጠብቀው ሕግ ወጥቷል፤ የቀረው ሥራ የቀያጩ ነው። ቀያጩ የመጥመቂያውን ቤት ስም ቢናገር፣ ከቅይጡ ጋር አንድ ጕንጭ ያልተቀየጠ ሳኬ በትንሽ ጽዋ ቢያቀርብ፣ ጠጪው ሁለቱን አመዛዝኖ ያውቃል፤ ጠማቂውም አይረሳም። ስሙን ሳይናገር በጣፋጭ ነገር የሚሸፍነው ቀያጭ ግን፣ ምንም እንኳ ሕግ ባይተላለፍ፣ የዚያን የክፉ ዘመን ነጋዴ ሥራ በትንሹ ይደግመዋል።

በመጨረሻም ስለ መጠን አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ ተገቢ አይሆንም። ቅይጥ መጠጥ ኃይሉን በጣዕሙ ውስጥ ይሰውራል፤ ከመቶ 35 እጅ የሆነውና ከመቶ 11 እጅ የሆነው በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ በአንድ ዓይነት የኪያር ቅጠል አጊጠው ይመጣሉ። የሚጠጣ ሰው የሚጠጣውን ነገር ልክ ጠይቆ ማወቅ ይገባዋል፤ የሚቀዳውም ሳይጠየቅ መናገር ይገባዋል። የሳኬን ስም ለማዳን ሃምሳ ዓመት ያህል የፈጀው በጋኑ ውስጥ ምን እንዳለ በእውነት የመናገር ጕዳይ ነበር፤ በብርጭቆውም ላይ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።